የጎሽ ቀን ዕዳ

በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት ዝናቡ አላቆመም። ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ደመናውን እየነዳ አምጥቶ ተራራው ላይ ያራግፈው ነበር። ስኳር ድንች አፈር ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። ማገዶ አልደርቅ አለ። ሰው ልብሱን እርጥብ ለብሶ እርጥብ ያወልቅ ጀመር። በተራራው አናት ባለው በቺንግቲየን ግጦሽ ላይ ከየመንደሩ ተሰብስበው የተሰማሩት ጎሾች ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆሙ። መቆም ሲያቅታቸው ተንበረከኩ። ጭቃ ላይ የተንበረከከ ጎሽ ደግሞ አይነሣም። ጥቂቶቹ ምድሩ ወደሚሞቅበት፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ድኝ የሚሸት እንፋሎት ወደሚወጣበት ገደል ወረዱ። ሙቀት አገኙ፤ ጭሱ ግን ጥጆቹን ፈጀ። እናቶቹም ከጥጆቻቸው ራስ አንርቅም ብለው እዚያው ቀሩ።

ሊም ሁዋት ሁለት ጎሾች ነበሩት። ሁለቱም አለቁ። ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር። ግጦሹ ላይ ወጥቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራቸው። ሥጋቸውን የሚገዛ ነጋዴ ከታይፔ ከተማ መጥቶ ነበር፤ ሁዋት ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። በመንደሩ ያረሰለትን የሚበላ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ሲያባራ የእርሻ ጊዜ ደረሰ። የሩዙ ችግኝ መደብ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃል። ሚስቱ ጎክላን የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ሁዋት ዶማውን ይዞ እርከኑን በእጁ ይቆፍር ጀመር። ውሃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ በዶማ የሚቆፍር ሰው ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ዘወር ብሎ ሲያይ የሠራው አይታይም።

ከእሱ እርከን በላይ የኮ ሱንላይ እርከን ነበር። ሱንላይ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠዋል። ሁለቱ በቦይ ውሃ ተጣልተው ከተኮራረፉ ከርመዋል። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ገደሉ፣ ሌላው ወደ ቋጥኙ ዞሮ ይተላለፍ ነበር። የሱንላይ ጎሽ ከጥፋቱ ተርፋለች፤ ብርዱ ሳይጠና ወደ ቤት አውርዷታል።

አንድ ጧት ሱንላይ ሞፈሩን ተሸክሞ፣ ጎሿን አስከትሎ ሁዋት ማሳ ውስጥ ገባ። ጠመዳት። ማረስ ጀመረ። ደህና አደርክ እንኳ አላለም። ሁዋት ዶማውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ቀትር ላይ ጎክላን ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ቀጭን የስኳር ድንች ገንፎ ይዛ መጣች። ሌላ የሚቀርብ ነገር ቤት ውስጥ አልነበረም። ሱንላይ ማሳው ዳር ተቀምጦ በላ። ሳህኑን ጠርጎ መለሰላትና ወደ ጎሿ ተመለሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሁዋት መሬት ታርሶ አለቀ።

እንግዲህ በዚያ አገር ወንፈል የሚቆጠረው በምግብ ነው። የሥራው ባለቤት ምሳውን ማሳው ድረስ ያመጣል፤ ሠራተኛው ይበላል። ከበላ ቀኑ ተቆጠረ፤ ብድሩ ይመለሳል። ያልበላ ሰው አልሠራም፤ ጀርባው እስኪጎብጥ ቢውልም አልሠራም። የሰው ቀን በሰው ቀን ይመለሳል። የጎሽ ቀን ግን ከባድ ነው፤ የሚመልሰው ሰው ባለቤቱ ለጠራው ለማንኛውም ሥራ መምጣት አለበት፤ እምቢ የሚባል ነገር የለም። ብር አይገባበትም። ብር የሚያቀርብ ሰው እንደ ሰደበ ይቆጠራል።

ችግኝ መንቀል ሲጀመር ሁዋት ሳይጠራ ጎሕ ሲቀድ ሄዶ የሱንላይ ማሳ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብሎ ሲተክል ረፈደ። ቀትር ሆነ። የሱንላይ ሚስት ቅርጫቷን በራሷ ተሸክማ በእርከኑ ጠርዝ ብቅ አለች። ሱንላይ ከሩቅ እጁን አንሥቶ ተይ አላት። ሴትዮዋ ቆመች፤ ሁዋትን አየችው፤ ቅርጫቱን እንደያዘች ተመለሰች።

ሁዋት ከጭቃው ወጣ። "ምን ማለትህ ነው?" አለው።

"አልጠራሁህም" አለ ሱንላይ። "ስፈልግህ እጠራሃለሁ።"

አጨዳ ደረሰ፤ አልጠራውም። የሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። የሱንላይ ጣሪያ በአውሎ ነፋስ ተገንጥሎ ሲሄድ ሁዋት ቀርከሃውን ቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ ሲማግር ዋለ፤ ሱንላይ ሌሎቹን ሠራተኞች አብልቶ እሱን ዘለለው። መንደሩ ሳቀ። "ሁዋት፣ ዛሬም ጾም ነው?" ይሉታል። የውሃውን ቂም እንዲህ አድርጎ እየተወጣብኝ ነው ብሎ አመነ። ባለዕዳ አድርጎ ሊቀብረኝ ነው አለ ለሚስቱ።

"ሰውየው መሬትህን አረሰልህ" አለች ጎክላን። "ምን በደለህ?"

"አያበላኝም።"

"እኔ አበላህ የለም እንዴ?"

"አንቺ አይገባሽም።"

"ገብቶኛል። ሁለታችሁም ጎሽ ናችሁ።"

ዘመን ሄደ። መንግሥት ተራራውን ከነግጦሹ ከነእንፋሎቱ ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። አጥር ተተከለ፤ ጠረባ ድንጋይ ተነጠፈ፤ አትንኩ የሚል ሰሌዳ ቆመ። ባለቤት የሌላቸው ጎሾች ግጦሹ ላይ ቀሩና እርሻ የማያውቅ ዘር አፈሩ። የታይፔ ሰው እሑድ እሑድ እየመጣ ያያቸዋል። ከታች በየመንደሩ ማረሻ የሚጎትት ጎሽ አልቀረም፤ እርከኖቹ ላይ ነጭ አበባ እየተዘራ ለከተማ ይሸጣል። የሱንላይ ሚስት ሞተች። ሱንላይ መሬቱን ሸጠና ሴት ልጁ ሾክቢን ዘንድ፣ ታይፔ፣ ፎቅ ላይ ገባ። በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ስልክ ይደውላል። ስለ ጉልበቱ ያወራል፤ የልጁ ባል የበሬ ሥጋ ሾርባ ቤት ስለ መክፈቱና እሱ እዚያ ቤት ደጃፍ እንደማያልፍ ያወራል። ስልኩን ሊዘጋ ሲል፦

"ዕዳህን አትርሳ።"

"ጥራኝ።"

"እጠራሃለሁ።"

አንድ ቀን በጸደይ፣ ዘመን መለወጫ ሳይሆን ስልኩ ጮኸ። ሱንላይ ነበር። ድምፁ ቀጥኗል።

"ነገ ግጦሹ ላይ ና። ከመኪና ማቆሚያው።"

"ለምን?"

"ጠርቼሃለሁ።"

ሁዋት ስልኩን አስቀምጦ ማጭዱን አውጥቶ ሳለ። በማግስቱ የጎማ ቡትስ ተጫማ፣ የገለባ ባርኔጣውን ደፋ፣ ገመድ ወገቡ ላይ ጠመጠመ፣ ማጭዱን ገመዱ ውስጥ ሻጠ። ጎክላን በር ላይ ቆማ ተመለከተችው።

"በዚህ ዕድሜህ ምን ልታጭድ ነው?"

"አላውቅም።"

"እዚያ ላይ ሳር መቁረጥ ክልክል ነው።"

"ተጠርቻለሁ ጎክላን።"

ኮሌታውን አስተካከለችለት።

ትንሿ አውቶቡስ በከተማ ልጆች ተሞልታ ወጣች። ሁዋት ከነማጭዱ መሐላቸው ቆመ። ከላይ ፀሐይ ነበር፤ ሕዝቡ ምንጣፍ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ከማዶ ገደሉ ነጭ እንፋሎቱን ይተፋል። ገና ከመውረዱ አንዲት የፓርኩ ጠባቂ፣ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰች ልጅ፣ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ማጭድ።"

"ማጭድ መሆኑንማ አየሁ። ምን ሊሠሩበት ነው?"

"ገና አልተነገረኝም።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። "እኔ ጋ ይቀመጥ። ሲመለሱ ይወስዱታል።"

"ገመዱንስ?"

"ገመድ ምን ያደርጋል። ይያዙት።"

ሁዋት ማጭዱን ሰጥቶ ባዶ እጁን መቆሙ ከበደው። ያለ መሣሪያ ለሥራ መጥቶ አያውቅም።

የሾክቢን መኪና ዘግይታ መጣች። ሾክቢን ወርዳ ከኋላ ባለ ጎማ ወንበር አወጣች፤ ዘረጋችው። ወገቧ ላይ ሰፊ መቀነት ታስሯል፤ አባቷን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ስታነሣ የተጎዳ ወገብ ነው። ሁዋት ረዳት። ሱንላይን ከመቀመጫው ሲያነሡት የጨበጠው ብርድ ልብሱን እንጂ ሰውየውን አልመሰለውም። ከውስጥ ምንም የለም።

ሱንላይ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ቀና አለ። ከቡትሱ እስከ ባርኔጣው አየው።

"አረጀህ" አለ።

"አንተ ደግሞ በጎማ መሄድ ጀመርክ፣ አያ ሱንላይ።"

"ባለሀብት ነኝ። ማጭድህ የት አለ?"

"ልጅቷ ወሰደችው።"

"ማጭድ ይዘህ መጣህ?" አለና ሱንላይ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሾክቢን ጀርባውን አሸችው።

"አልጋ ላይ ሆኖ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይሄንኑ ሲያስብ ነው የከረመው" አለች። "አጎቴ ሁዋት በምን ይመጣል፣ አጎቴ ሁዋት ምን ይዞ ይመጣል። እንቅልፍ አልሰጠኝም።"

"ሥራው የቱ ነው?" አለ ሁዋት።

ሱንላይ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣ። ከግጦሹ በላይ፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ድሮ ጎሽ የሚያስረክቡበትና የሚረከቡበት የድንጋይ በር አለ። ከዚያ ሆኖ በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላው ታይፔ ይታያል። ጣቱን ወደዚያ ቀሰረ።

"እዚያ አድርሰኝ።"

"አባዬ" አለች ሾክቢን፣ "ተስማምተናል እኮ። ሜዳ ሜዳውን ነው ብለን። ዳገቱን በወንበር አይወጣም።"

"ከአንቺ ጋር ነው የተስማማሁት። ከሱ ጋር ገና ነኝ።"

ሜዳውን ሾክቢን ገፋችው። ዳገቱ ሲጀመር ጠረባው ድንጋይ ሸካራ ሆነ፤ የወንበሩ የፊት ጎማ በየስንጥቁ እየተያዘ ያስቸግር ጀመር። ሾክቢን ገፋች፣ ቆመች፣ ወገቧን ያዘች። ፊቷ ነጣ። ሁዋት በእጄ ልግፋ ብሎ ሊቀበላት አልሞከረም። ወገቡ ላይ ያለውን ገመድ ፈታ። ከወንበሩ ብረት ጋር በግራና በቀኝ አሰረ። ባርኔጣውን አጥፎ ትከሻው ላይ ከገመዱ በታች አደረገ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣለ።

"ይሄ ነው ሥራው?" አለ፣ ዘወር ሳይል።

"ይሄ ነው።"

ጎተተ። ጎማው ከስንጥቁ ተነሣ። ሾክቢን ከኋላ ወንበሩን ደግፋ እንዳይንሸራተት ያዘች።

"ቀኝ" አለ ሱንላይ ከኋላ። "ቀኝ ያዝ። ትልሙን አትልቀቅ።"

"አርፈህ ተቀመጥ።"

"ጎሽ አይመልስም።"

"ጎሽህ አንተን እንዴት ችላ ኖረች?"

"ከአንተ ትፈጥን ነበር።"

"የዚያን ጊዜ ወጣት ነበረች።"

"የዚያን ጊዜ ሦስታችንም ወጣት ነበርን።"

ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። አጥሩ ውስጥ ያሉት ጎሾች ራሳቸውን አነሡ፤ አፋቸው ሳር እንደያዘ ተመለከቱ። የፓርኩ ጠባቂ ልጅ እየሮጠች ደረሰች።

"አባባ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"እያረስኩ ነው" አለ ሱንላይ።

ልጅቷ ሾክቢንን አየች። ሾክቢን በዓይኗ ለመነቻት። ልጅቷ ሁዋትን አየች፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ምን ደንብ እንደምትጠቅስ ያጣች መሰለች። ከዚያ ወደ ሾክቢን ጎን ዞራ የወንበሩን አንዱን እጀታ ያዘች።

"ቀስ ብላችሁ" አለች ብቻ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጭጋግ መጣ። በዚያ ተራራ ላይ ጭጋግ አይመጣም፤ ይወድቃል። ሕዝቡ፣ አጥሩ፣ ጎሾቹ ሁሉ ጠፉ። ሁዋት የሚያየው እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ብቻ ሆነ። ደረቱ ይፏጫል። ቆመ። ሁዋት ሊያሳርፈኝ ነው ብሎ ጠበቀ፤ "በቃ" ቢለው ገመዱን ጥሎ እዚያው ይቀመጥ ነበር። ሱንላይ ግን አላለም። ቆይቶ፣ ድሮ ለጎሿ ይናገር በነበረበት ድምፅ፣ ዝቅ አድርጎ፦

"በል እንግዲህ" አለ። "ጫፉ ላይ ደርሰናል።"

ሁዋት ጎተተ።

የድንጋዩ በር ጋ ሲደርሱ ጭጋጉ አልተገለጠም። ባሕር የለ፣ ታይፔ የለ። ነጭ ብቻ። ሾክቢን አዘነች። "ምንም አይታይም አባዬ" አለች። ጠባቂዋ ልጅ ሌሎች ሰዎች መንገድ እንዳይስቱ ልጠራቸው ብላ ወረደች። ሾክቢንም ስልክ ተደውሎላት ከበሩ ማዶ ሄደች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀሩ።

ሁዋት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ። እስኪመለስለት ብዙ ጊዜ ወሰደ።

"አያ ሱንላይ" አለ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ከለከልከኝ?"

"መጀመሪያ ለውሃው ነው። ተናድጄ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"አይደለም፣ ግማሹን ነው የምታውቀው።" ሱንላይ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ። "ንዴቱማ ሁለት አጨዳ አልዘለቀም። በኋላ ላበላህ አስቤ ነበር፤ እንዴት እንደምጀምረው ጠፋኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ሞተች። መሬቱን ሸጥኩ። ቤቱን ገዢው አፈረሰው። ታይፔ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በመስኮት ተራራውን አያለሁ። እዚያ ላይ ምን ቀረህ ቢሉኝ፣ አንድ ሰው የጎሽ ቀን አለብኝ የሚል አለ እላለሁ። ሌላ ነገር አልነበረኝም።"

ሁዋት መሬቱን አየ።

"ታዲያ ዛሬ ለምን ጠራኸኝ?"

"ከዛሬ ወዲያ የሚጠራህ አይኖርም።"

ነፋሱ ጭጋጉን ትንሽ ገለጠና መልሶ ዘጋው። ሱንላይ ከወንበሩ ጎን የተንጠለጠለውን ቦርሳ መክፈት ሞከረ፤ ጣቱ አልታዘዘውም። ሁዋት ተነሥቶ ሊከፍትለት ሲል እጁን መታው።

"ምሳውን የሚያቀርብ ባለቤቱ ነው" አለ።

ብዙ ታግሎ ከፈተው። በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አወጣ፤ ገና ሞቅ ያለ ነው። በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋለት።

ሁዋት አልተቀበለም። ወጣት ሆኖ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ይህን አንድ ነገር ስንት ጊዜ በዓይኑ ጠብቋል።

"አልራበኝም" አለ።

"ዳገት የወጣ ሰው ይርበዋል።"

"ሥራውም አላለቀ። ወደ ታች መመለስ አለብህ።"

"ቁልቁለት በጎሽ አይወረድም። ልጄ ይዛኝ ትወርዳለች።"

"ካልበላሁስ?"

ሱንላይ ሩዙን አላወረደም። "ካልበላህ ይዤው እሄዳለሁ። አሁን ደግሞ አንድ ብርድ ልብስ እንኳ ይከብደኛል፣ ሁዋት።"

ሁዋት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሩዙን ተቀበለ። ማሳ ዳር እንደሚቀመጥ ሠራተኛ፣ ከወንበሩ ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቅጠሉን ፈታ። ለውዝና በጨው የታሸ ነጭ የሥር አትክልት ውስጡ ገብቷል። በላ። ቀስ ብሎ፣ አንዲት ፍሬ ሳያስቀር በላ፤ ቅጠሉ ላይ የተጣበቀውን በጥርሱ ለቀመው። ሱንላይ ዓይኑን አልነቀለም፤ የመጨረሻውን እስኪውጥ ድረስ ጉሮሮውን ተመለከተ።

"ጨው በዝቶበታል" አለ ሁዋት።

"ልጄን ውቀሳት።"

ከጭጋጉ ውስጥ ሾክቢን ስትመለስ እርምጃዋ ተሰማ። ሱንላይ እጆቹን ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰና ወደ ኋላ ተደገፈ።

"ቀንህ ደርሶኛል" አለ።